አክሲዮን የተባለው ደመወዝ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2025 ዓርብ ዕለት፣ ዊንድሰርፍ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሠራተኞች ለስብሰባ ተጠሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኩባንያው ለፕሮግራመሮች ኮድ የሚጽፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ይሠራ ነበር። ኦፕንኤአይ በ3 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ስለከረመ፣ ብዙዎቹ የጠበቁት የምሥራች ነበር። የሰሙት ሌላ ነው። ሽያጩ ፈርሷል፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቫሩን ሞሃን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ዳግላስ ቼን እና የተመረጡ ተመራማሪዎች ወደ ጉግል ሊሄዱ ነው፤ ጉግልም ለሰዎቹና ቴክኖሎጂውን ለመጠቀም ፈቃድ በጠቅላላው 2.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይከፍላል። ኩባንያው ግን አልተሸጠም። 250 ያህል ሰዎች ከነሥራቸው ቀሩ።

በዚያው ቀን ጊዜያዊ ኃላፊነቱን የተረከበው ጄፍ ዋንግ በኋላ በኤክስ ላይ እንደጻፈው፣ ስብሰባው በሐዘን የተዋጠ ነበር፤ ያለቀሱም ነበሩ። አንዳንዱ ያዘነው ለገንዘቡ ነው፣ አንዳንዱ ለሄዱት ባልደረቦቹ፣ አንዳንዱ ደግሞ ነገ ምን ይመጣል ብሎ። ቅዳሜና እሁድ በድርድር አልፎ ሰኞ ዕለት ኮግኒሽን የተባለ ተወዳዳሪ የቀረውን ኩባንያ ገዛ። የኮግኒሽን ኃላፊ ስኮት ዉ ሁሉም ሠራተኛ ከሽያጩ ተካፋይ እንደሚሆንና እስከዚያ ቀን የሠራበት ድርሻ በሙሉ እንደሚጸናለት፣ ማለትም በቋሚነት የራሱ እንደሚሆን፣ አስታወቀ። እፎይታው ብዙ አልቆየም። ወር ሳይሞላ 30 ያህሉ ተሰናበቱ፤ ለቀሩት ደግሞ የ9 ወር ደመወዝ ይዘው እንዲወጡ አማራጭ ቀረበላቸው።

ይህን ነገር የአንድ ኩባንያ መሪዎች ምግባር ጉድለት አድርጎ ማለፍ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያለውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ችግሩ ከዚያ ጠልቆ ይታየኛል። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሠራተኛን የሚያተጉበት ዋናው መንገድ አክሲዮን ነው። «አንተም ባለቤት ነህ» ይሉታል፤ ስለዚህም ዛሬ ያነሰ ደመወዝ ይቀበላል፣ ሌሊቱን ይሠራል፣ ሌላ ቅጥር ቢመጣለት ይተወዋል። ይህ ሁሉ የቆመው አንድ እምነት ላይ ነው፤ ኩባንያው የተሸጠ ቀን ሁሉም አብሮ ይከፈለዋል የሚል። እምነቱ ግን በአብዛኛው ውል ውስጥ የለም፤ የነበረው በልማድ ውስጥ ነው። ከ2024 ወዲህ ያሉት ዓመታት ያሳዩን፣ ልማድ በገንዘብ ሲፈተን ሠራተኛው በእጁ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደያዘ ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። በ1957 ስምንት መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ከዊልያም ሾክሊ ቤተ ሙከራ ወጥተው ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን አቋቋሙ። ገንዘቡን ያቀረበው የኒው ዮርኩ ፌርቻይልድ ካሜራ፣ በውሉ በተሰጠው መብት ድርሻቸውን በ3 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛ፤ ለእያንዳንዳቸው 250,000 ዶላር ገደማ ደረሳቸው። ለጊዜው ትልቅ ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ደመወዝተኞች ሆኑ። የሚሠሩት ቺፕ የሚያስገኘው ትርፍ ወደ ኒው ዮርክ ይጓዝ ነበር፤ ከእነሱ ቀጥለው የተቀጠሩት ጎበዞችም ከዚያ ትርፍ የሚደርሳቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መሐንዲሶቹ አንድ በአንድ እየወጡ የየራሳቸውን ኩባንያ ከፈቱ። በ1968 ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር ወጥተው ኢንቴልን ሲመሠርቱ የፌርቻይልድን ስሕተት ላለመድገም ወስነው ነበር፤ ባለሙያዎቻቸው ገና ከጅምሩ የአክሲዮን ተካፋይ ሆኑ። ሲሊከን ቫሊ ሥርዓቱን ከዚያ ተማረ። ሠራተኛን ባለድርሻ ማድረግ እንደ ቸርነት አልተጀመረም፤ የተጀመረው ጎበዝ ሰው ጥሎ እንዳይሄድ ነው።

ሥርዓቱ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ማይክሮሶፍት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን ሚሊየነር አድርጓል፤ ሲያትል ዙሪያ በዚያ ገንዘብ የተሠሩ ቤቶችና የተቋቋሙ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ዛሬም አሉ። ቢሆንም የዚያው ኩባንያ ታሪክ ድክመቱንም ያሳያል። ከ2000 በኋላ የአክሲዮኑ ዋጋ ሲወድቅ ሠራተኞቹ አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የሚገዙበት መብት ባዶ ወረቀት ሆነ። ከገበያው በላይ በሆነ ዋጋ የመግዛት መብት ለማንም አይጠቅምማ። በ2003 ማይክሮሶፍት ይህን ትቶ አክሲዮኑን ራሱን በየጊዜው ወደ መስጠት ዞረ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ዛሬ እንደ ጉግል፣ ሜታና አማዞን ባሉት «አር ኤስ ዩ» የሚባለው እሱ ነው። ጀማሪ ኩባንያዎች ግን አሁንም በብዛት የሚሰጡት የቀድሞውን ነው፤ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት፣ ማለትም ስቶክ ኦፕሽን።

ይህ መብት በተግባር ምን እንደሚመስል በቁጥር እንመልከተው። አንዲት መሐንዲስ በጀማሪ ኩባንያ ተቀጠረች እንበል። እያንዳንዳቸውን በ2 ዶላር የምትገዛቸው 10,000 አክሲዮኖች ይፈቀዱላታል። በተለመደው ውል የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ ከወጣች ምንም የላትም፤ ዓመቱ ሲሞላ ሩቡ ይጸናላታል፤ የቀረው በየወሩ እየተቆጠረ በአራት ዓመት ያልቃል። አራቱን ዓመት ሠርታ ስትለቅ አክሲዮኑ 12 ዶላር ተገምቷል። ሀብቷ በወረቀት 100,000 ዶላር ትርፍ ነው። የራሷ ለማድረግ ግን መጀመሪያ 20,000 ዶላር ከኪሷ መክፈል አለባት፤ በዚያ ላይ ገና ባልሸጠችው አክሲዮን ትርፍ ላይ ግብር ልትጠየቅ ትችላለች። አክሲዮኑን ልሽጠው ብትል ኩባንያው ገበያ ላይ የወጣ ስላልሆነ ገዢ የለም። ይህን ሁሉ እንድትወስን የሚሰጣት ጊዜ በብዙ ኩባንያዎች 90 ቀን ነው። ካለፈ መብቱ ለኩባንያው ይመለሳል። ቁጠባ ወይም ባለጸጋ ዘመድ ያለው ይከፍላል፤ ወር በወር የሚኖረው አራት ዓመት የለፋበትን ትቶ ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከፍላ ብትገዛም ሌላ ነገር አለ። የእሷ አክሲዮን ተራ አክሲዮን ነው፤ ገንዘብ ያፈሰሱት ባለሀብቶች የያዙት ደግሞ የቀዳሚነት መብት ያለው። ኩባንያው ሲሸጥ መጀመሪያ የእነሱ ይከፈላል፤ ለሠራተኛው የሚደርሰው የተረፈው ነው። የጉድ ቴክኖሎጂ ሠራተኞች በ2015 ይህን በመራራ ሁኔታ ተምረዋል። በአንድ ወቅት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተገመተው ኩባንያቸው ለብላክቤሪ በ425 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ባለሀብቶቹ በአንድ አክሲዮን ከ3 ዶላር በላይ ሲያገኙ ሠራተኞቹ 44 ሳንቲም ደረሳቸው። ከመካከላቸው አክሲዮኑ ውድ በነበረበት ጊዜ በዚያ ግምት ግብር የከፈሉ ነበሩ፤ እነዚህ ለዓመታት ሠርተው ከሽያጩ ያገኙት ለመንግሥት ከከፈሉት አነሰ።

ያም ሆኖ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኩባንያ በጥሩ ዋጋ ከተሸጠ ሠራተኛው ቢያንስ የጸናለትን ድርሻ ያገኝ ነበር። ይህን የቀየረው አዲስ የግብይት ዓይነት ነው፤ ኩባንያውን ሳይገዙ ሰዎቹን መውሰድ። መጋቢት 2024 ማይክሮሶፍት የጀማሪውን ኩባንያ የኢንፍሌክሽንን መሥራች ሙስጠፋ ሱሌይማንንና አብዛኞቹን ባልደረቦቹን ወሰደ፤ ለኩባንያው 650 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መክፈሉ ተዘገበ። ነሐሴ ላይ ጉግል ለካራክተር ኤአይ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ የኩባንያውን መሥራች፣ የራሱን የቀድሞ ሠራተኛ ኖአም ሻዚርን መለሰ። ሰኔ 2025 ሜታ በ14.3 ቢሊዮን ዶላር የስኬል ኤአይን 49 በመቶ ድርሻ ይዞ ወጣቱን መሥራች አሌክሳንደር ዋንግን ወደ ራሱ አዛወረ፤ በቀጣዩ ወር ስኬል 200 ያህል ሠራተኞቹን አሰናበተ። ከዚያ ዊንድሰርፍ መጣ።

ትልልቆቹ ለምን እንዲህ ያለ ጠመዝማዛ መንገድ መረጡ? አንዱ ምክንያት የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ኩባንያ መግዛት ለተቆጣጣሪ ማሳወቅን፣ ወራት መጠበቅን፣ አንዳንዴም መከልከልን ያስከትላል። ሰው መቅጠርና የቴክኖሎጂ ፈቃድ መግዛት ግን በቀናት ያልቃል። የብሪታንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የማይክሮሶፍትንና የኢንፍሌክሽንን ጉዳይ መርምሮ መስከረም 2024 ነገሩ በሕጉ መሠረት እንደ ውህደት የሚቆጠር ነው አለ፤ ውድድርን አይጎዳም ብሎም አሳለፈው። ተቆጣጣሪዎቹ የሚጠይቁት ገበያው ይጎዳል ወይ ብለው ነው። ሠራተኛው ይጎዳል ወይ የሚለው በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ለሠራተኛው ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ኩባንያ ሲሸጥ ገንዘቡ የሚከፈለው ለአክሲዮን ነው፤ ስለዚህ አክሲዮን የያዘ ሁሉ ስሙ ይጠራል። የፈቃድ ክፍያ የሚገባው ግን ለኩባንያው ካዝና ነው። ከዚያ ለማን እንደሚከፋፈል የሚወስነው ቦርዱ ነው፤ ቦርዱ ላይ የተቀመጡት ደግሞ መሥራቾቹና ባለሀብቶቹ ናቸው። አንዳንዱ ቦርድ ለሠራተኛው አስቧል፤ በካራክተር ኤአይ የጸናላቸው ሠራተኞች ተከፍሏቸዋል። በዊንድሰርፍ ግን በቅርብ የተቀጠሩት ምንም እንደማይደርሳቸው ነበር የተነገራቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕግ ወይም የውል ሳይሆን የሰዎቹ መልካም ፈቃድ ነው። የአንድ ሰው የአራት ዓመት ልፋት ዋጋ በሌላ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ ከተንጠለጠለ ባለቤትነት ሊባል አይችልም።

በትልልቆቹ ኩባንያዎችም ቢሆን መሬቱ እየተንሸራተተ ነው። የካቲት 2025 ሜታ ዝቅተኛ አፈጻጸም አሳይተዋል ያላቸውን 5 በመቶ ሠራተኞች፣ 3,600 ያህል ሰዎችን፣ አሰናበተ። በዚያው ወር ለአብዛኞቹ ሠራተኞች በየዓመቱ የሚታደሰው የአክሲዮን ስጦታ በ10 በመቶ ገደማ መቀነሱ ተዘገበ። በዚያው ወር ለመንግሥት ባስገባው ሰነድ ደግሞ የከፍተኛ ኃላፊዎቹን የዓመታዊ ቦነስ ግብ ከደመወዛቸው 75 በመቶ ወደ 200 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። የአሜሪካ በጋ ሲገባ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎችን ከተወዳዳሪዎቹ መንጠቅ ጀመረ። የኦፕንኤአዩ ሳም አልትማን ለሰዎቼ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር የመፈረሚያ ክፍያ ቀርቦላቸዋል ሲል ተናግሯል፤ የሜታ ኃላፊዎች አባባሉ ተጋኗል ቢሉም ክፍያዎቹ ከዚህ በፊት ተሰምተው የማይታወቁ መሆናቸው አላከራከረም።

ለጎበዝ ብዙ መክፈል ያለ ነው፤ ያ አይደለም የሚያሳስበኝ። የሚያሳስበኝ ስንብትና አክሲዮን የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ሲነገር ብዙም አይሰማም። ሠራተኛ ሲሰናበት ገና ያልጸናለት አክሲዮን በሙሉ ለኩባንያው ይቀራል። አማዞን ለረጅም ዓመታት የሚታወቅበትን አከፋፈል እንውሰድ፦ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛውና በአራተኛው በየስድስት ወሩ 20። አማዞን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የጥሬ ገንዘብ ክፍያ እየጨመረ ክፍተቱን ይሞላል፤ ይህ ሊነገርለት ይገባል። ቢሆንም ሁለት ዓመት ሠርቶ የተሰናበተ ሰው ቃል ከተገባለት አክሲዮን 80 በመቶው አይደርሰውም። ሲቀጠር «ጠቅላላ ክፍያህ ይህን ያህል ነው» ተብሎ በደብዳቤ የተጻፈለት ቁጥር፣ ሲሰናበት እንዳልነበረ ይሆናል። ስለዚህ በአፈጻጸም ስም የሚደረግ ጅምላ ስንብት ተስፋ የተሰጠበትን ገንዘብ ማስመለሻም ነው። ማይክሮሶፍት ሠራተኞችን በግድ ደረጃ እየሰጠ ከታች የወደቁትን የሚቀጣበትን አሠራር፣ ባልደረባን ከባልደረባ አጋጨ ተብሎ ብዙ ከተተቸ በኋላ፣ በ2013 ጥሎት ነበር። ዛሬ ያው አስተሳሰብ በሌላ ስም ሲመለስ የሚታገለው የለም፤ የሥራ ገበያው ቀዝቅዟልና።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ እኛ ቤት ይገባል። በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዙሪያና በካሊፎርኒያ በእነዚህ ኩባንያዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ለብዙዎቹ አክሲዮኑ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ የወንድም የትምህርት ወጪ ነው፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው። ሁለት ነገሮች በተለይ ይጎዷቸዋል። አንደኛው ግብር ነው። አር ኤስ ዩ የሆነ አክሲዮን በጸና ቀን እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፤ ኩባንያው ግን እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ድረስ በተለምዶ ተቀንሶ የሚያስቀረው 22 በመቶ ብቻ ነው። ደመወዙና አክሲዮኑ ተደምሮ በ32 ወይም በ35 በመቶ እርከን ውስጥ የሚወድቅ ሰው ልዩነቱን ሚያዝያ ላይ ከኪሱ ይከፍላል። በመካከሉ አክሲዮኑ ከወረደ የሚከፍለው በሌለ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ቪዛ ነው። በኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚሠራ ሰው ከሥራ ሲሰናበት ሌላ ቀጣሪ እንዲያገኝ ወይም አሜሪካን እንዲለቅ የሚሰጠው ጊዜ እስከ 60 ቀን ነው። ጀማሪ ኩባንያ ውስጥ የነበረ ከሆነ አክሲዮኑን ለመግዛት 90 ቀን አለው። ሁለቱ ሰዓቶች አብረው ይቆጥሩበታል፤ የኪራይ ገንዘቡን ለአክሲዮን ያውለው ወይስ ለወራት ሥራ አጥነት ይያዘው? እንዲህ ያለ ምርጫ የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አክሲዮኑን ይተዋል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ገና ጅማሬው ላይ ነው። ከሰኔ በኋላ ባንኮቻችን ለሠራተኛ የሚሰጡት የወራት ደመወዝ ቦነስ ያረጀ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ዕለቱን ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ወጣት የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ያን ያህል መክፈል ስለማይችሉ ድርሻ እንሰጥሃለን ማለትን ከአሜሪካ ወስደዋል፤ ብዙ ጊዜም በቃል። እንዲህ ላለው ተስፋ ሕጉም ገበያውም አልተሰናዳም። አብዛኛው አነስተኛ ድርጅት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ የእንዲህ ያለ ማኅበር አባላት ከ50 አይበልጡም፣ ድርሻን ለውጭ ሰው ማስተላለፍም የሌሎቹን አባላት ስምምነት ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2025 ሥራ ጀምሯል፤ እስካሁን ግን የአነስተኛ ድርጅት ሠራተኛ ድርሻውን ወስዶ የሚሸጥበት ቦታ አልሆነም። ስለዚህ እዚህ «ድርሻ አለህ» የተባለ ወጣት ሊጠይቅ የሚገባው ቀላል ነገር ነው፦ በየትኛው ሰነድ ላይ ተጻፈ? ብለቅ ምን ይሆናል? ድርሻዬን ማን፣ መቼ፣ በምን ዋጋ ይገዛል? መልስ የሌለው ከሆነ በደመወዙ ላይ ይደራደር፤ የአሜሪካን ጉድለት ሳናጣራ መውረስ የለብንም።

መፍትሔው የማይታወቅ አይደለም፤ የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው። ፒንተረስት በ2015 ቢያንስ ሁለት ዓመት ያገለገሉ ሠራተኞች ከለቀቁ በኋላ አክሲዮናቸውን እስከ 7 ዓመት ድረስ መግዛት እንዲችሉ አደረገ። ኩባንያው አልፈረሰም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ለሕዝብ ገበያ ቀረበ። ስትራይፕ በ2023 ከ6.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቦ ዋናውን ድርሻ ለሠራተኞቹ አክሲዮንና ለግብሩ አዋለ። ስፔስኤክስ ገበያ ላይ ሳይወጣም ሠራተኞቹ በየጊዜው የሚሸጡበት መስኮት ይከፍት ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስም በ2017 የግል ኩባንያ ሠራተኞች ግብሩን እስከ 5 ዓመት እንዲያዘገዩ የሚፈቅድ ድንጋጌ አውጥቷል፤ ኩባንያው አክሲዮን ቢያንስ ለ80 በመቶ ሠራተኞቹ እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ የተጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸው። የቀረው ለ2024ና ለ2025 ዓይነት ግብይት የሚሆን አንቀጽ ነው። መሥራቹ ወይም አብዛኛው የቴክኒክ ቡድን በክፍያ ወደ ሌላ ኩባንያ ከተዛወረ እንደ ሽያጭ ይቆጠር፤ የሠራተኛው ድርሻ ይጽና፤ የፈቃዱም ገንዘብ በአክሲዮን ልክ ይከፋፈል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ለመሥራቾች ይህን የሚመስል ጥበቃ በውላቸው ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው።

ኩባንያዎች ውል መቀየር ሲፈልጉ እንደሚችሉም ኦፕንኤአይ ያሳያል። ግንቦት 2024 ሠራተኞቹ ሲለቁ ኩባንያውን ላለመተቸት ካልፈረሙ የጸናላቸውን ድርሻ እንዲያጡ የሚያደርግ አንቀጽ እንዳለው ተጋለጠ። አልትማን አፍሬያለሁ ብሎ አንቀጹ ተነሣ፤ የቀድሞዎቹ ሠራተኞችም ከግዴታው ነፃ መሆናቸው ተነገራቸው። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ተመራማሪ ለመሳብ ፉክክሩ ሲበረታ፣ አዲስ ተቀጣሪ አክሲዮን እንዲጸናለት የሚጠብቃቸውን የመጀመሪያ ወራት ጨርሶ አስቀረ። የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው በጋዜጠኛ ነው፣ ሁለተኛው በተወዳዳሪ። የኦፕንኤአይ ተመራማሪ ሁለቱም ከጎኑ ነበሩ። በዊንድሰርፍ የሽያጭ ክፍል ወይም በደንበኞች አገልግሎት የነበረችው ልጅ ግን አንዳቸውም አልነበሯትም፤ ለእሷ ያን ዓርብ የሚደርስላት ነገር ቢኖር፣ በተቀጠረች ቀን የፈረመችው ወረቀት ውስጥ ተጽፎ መገኘት ነበረበት።